አሥራ ስድስት ልጆችና አንድ ሌሊት በመናገሻ ሱባ

የ12 ዓመቷ ልጅ ቦርሳዋን አዝላ ሚዛኑ ላይ ስትወጣ 49 አለ። ቦርሳውን አውርዳ ብቻዋን ስትወጣ 36። ከራሷ ክብደት ሲሶ በላይ ተሸክማለች ማለት ነው። ትከሻዋን እያሸች ዝም ብላ ቆመች። እናቷ በሩ ላይ ነበሩ።

ጉዞው አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቦታው የምንሰበሰብበት አዳራሽ ነው። እኔ በሰፈራችን የስካውት ቡድን ውስጥ በበጎ ፈቃድ ከሚያገለግሉት አንዱ ነኝ። በጥር ወር 16 ልጆች ይዘን መናገሻ ሱባ ጫካ አንድ ሌሊት አድረን ተመልሰናል። ልጆቹ ከ12 እስከ 16 ዓመት ናቸው፤ 9 ወንዶችና 7 ሴቶች። አዋቂዎቹ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት፣ በጠቅላላው 4 ነበርን። ድንኳኑንም፣ ምግቡንም፣ ድስቱንም በጀርባችን ተሸክመን ነው የገባነው። ከዚያ ወዲህ ከሌሎች ሰፈሮች እየደወሉ "እንዴት አዘጋጃችሁት?" የሚሉኝ ወላጆችና አስተማሪዎች በዝተዋል። የተሳካውንም ያልተሳካውንም እንደነበረ ልጻፈው።

ቦታውን ስለመምረጥ

ልጆቹ መጀመሪያ የጠየቁት ሰሜን ተራሮችን ነበር። ጥያቄያቸው ደስ ይላል፤ ግን ለቅዳሜና እሑድ አይሆንም፤ ጊዜውን መንገዱ ብቻ ይበላዋል። ወንጪም ተነሳ፣ ዝቋላም ተነሳ። እኛ አዋቂዎቹ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቅን። ከሰፈርንበት ቦታ መኪና ምን ያህል ይርቃል? ውኃ አለ? ቦታውን የሚጠብቅ ሰው አለ? ሦስቱንም የመለሰልን መናገሻ ሱባ ነው።

ጫካው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው። በሰበታ በኩል ታጥፎ ኮረኮንች መንገድ ያስገባል። ከታች ግዙፍ ጽድና ዝግባ አለ። ከፍ ሲሉ ኮሶ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ አስታ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ጫካውን የሚያዩበት ዓይን ተለወጠ። አንዱ ልጅ ግንዱን በሁለት እጁ አቅፎ "ይሄ ስንት ንጉሥ አይቷል?" አለ።

የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ተወልዶ የሚያድገው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከፍታው ብዙም አያስቸግረውም። ሸክሙና ብርዱ ነው የሚያስቸግረው። ጥርን የመረጥነው ዝናብ ስለሌለና የመንፈቅ ዓመት ፈተናው ስላለቀ ነው። ጥር ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ግን አይምርም። ይህን ከካርታ ላይ አውቀነው ነበር፤ በሰውነታችን ያወቅነው በኋላ ነው።

ፈቃድ ለመጠየቅ የሚደውል ሰው አንዲት ነገር ልብ ይበል። በፓርኮቻችን "ስካውት" ሲባል መሣሪያ ይዞ የሚጠብቀው ሰው ነው። "16 ስካውቶች ይዘን እንመጣለን" ከማለት "የስካውት ልጆች፣ ተማሪዎች ናቸው" ማለት ብዙ ማብራሪያ ያድናል። ሌላው ደግሞ ቋንቋ ነው። በአካባቢው የሚኖረው ሰው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ ቋንቋውን የሚችሉትን ልጆች በየቡድኑ ደለደልናቸው። እሑድ ጠዋት መንገዱ ሁለት ሲሆንብን፣ ከብት ከሚጠብቅ ሰው ጋር ተነጋግሮ ትክክለኛውን ያሳየን የ13 ዓመት ልጅ ነው። ያን ቀን ደረቱን ነፍቶ ነው የዋለው፤ ደግሞም ይገባዋል።

ዕቅዱን ልጆቹ ይጻፉት

የስካውት መሥራች ቤደን ፓወል በ1907 እ.ኤ.አ. 20 ያህል ልጆች ይዞ እንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት ላይ ሲሰፍር ልጆቹን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን ከልጆቹ መሀል መሪ ሰጠው። ፓትሮል የሚባለው ይህ ነው። እኛም 16ቱን በሦስት ፓትሮል ከፈልናቸው። አንዱ መንገድና ሰዓት፣ አንዱ ምግብና ውኃ፣ አንዱ ዕቃ ያዘ። አዋቂዎቹ እንጠይቃለን እንጂ አንጽፍም ተባባልን። ይህ ለእኔ በጣም ከባድ ነበር። ልጅ ሲሳሳት እያዩ አፍን መያዝ ቀላል አይደለም።

የመንገድ ፓትሮሉ መሪ የ16 ዓመት ልጅ ናት። በ1892 እ.ኤ.አ. ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣውን ስሌት አስተማርናት። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ትይዛለህ፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ትጨምራለህ። ስሌቱ የተሠራው ግን ለለመደ አዋቂ ነው። ስለዚህ አንድ እሑድ ልጆቹን ቦርሳ አሸክመን እንጦጦ ወጣን። ልጅቷ ሰዓት ያዘች። የፈጀብን በስሌቱ ከወጣው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ደብተሯን አውጥታ የጻፈችውን ሁሉ በ2 አባዛችው። ከዚያ ከሥሩ በትልቁ፣ "እሑድ 6 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን እንመለሳለን" ብላ ጻፈች። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ምግብ ላይ ስጋት ነበረኝ። ከልጆቹ ኦርቶዶክስ አሉ፣ ሙስሊም አሉ፣ ፕሮቴስታንት አሉ። ሥጋ ከገባ የማን ሥጋ የሚል ጥያቄ ይመጣል። የምግብ ፓትሮሉ ጥያቄውን ሳይመጣ ዘጋው፤ ምግቡ ሁሉ የጾም ይሁን፣ ሁሉም ከአንድ ድስት ይብላ አሉ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ፓስታ በቲማቲም ድልህ። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ቶሎ ይበስላል። በሶን ያህል ለመንገድ የተፈጠረ ምግብ አላውቅም። እሳት አይፈልግ፣ ድስት አይፈልግ፣ በውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው።

ውኃ ለመንገዱ ለእያንዳንዱ ልጅ 2 ሊትር ያዝን። ከሰፈርን በኋላ የምንጩን ውኃ ማፍላት ነበረብን። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች፣ 91 ወይም 92 አካባቢ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እናቆየዋለን። ለመጠባበቂያ ውኃ አጋር የሚባለውን የውኃ ማከሚያም ይዘን ነበር።

ስለ ገንዘቡ ብዙ የምለው የለም። ከግማሽ በላይ የወሰደው መኪናው ነው። ሹፌሩ አብሮን እንዲያድር ከፈልነው። አንዳንድ ወላጅ "ለምን ተመልሶ እሑድ አይመጣም?" ብሎ ነበር። ሌሊት ልጅ ቢታመም ኔትወርክ ፈልጌ፣ መኪና ለምኜ፣ ያንን ኮረኮንች እስኪመጣ ልጠብቅ? ከሌላው ሁሉ ይቀነስ እንጂ ከዚህ አይቀነስም።

ቅጹና ዝምታው

የወላጅ ፈቃድ ቅጽ አዘጋጀን። "ልጅዎ የጤና ችግር አለበት?" የሚል ጥያቄ ነበረው። 16ቱም "የለም" ብለው መለሱ። ደስ አለን። መጠርጠር ነበረብን፤ ከ16 ልጅ አንድም የጤና ችግር የሌለበት እንዴት ሊሆን ይችላል?

መነሻው 3 ቀን ሲቀረው ማታ ስልክ ተደወለ። የአንዱ ልጅ እናት ናቸው። ድምፃቸው ይቆራረጣል።

"ጋሼ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጄ አስም አለበት። ከጻፍኩ አትወስዱትም ብዬ ነው። ስንት ጊዜ ከሜዳ አውጥተውብኛል መሰለህ።"

ልቤ ተነካ። እኚህ እናት ውሸታም አይደሉም። ልጃቸው "አንተ ታማሚ ነህ፣ ዳር ቁም" ሲባል እያዩ የኖሩ ናቸው። ጥፋቱ የጥያቄያችን ነው። "ችግር አለበት?" ብለን ስንጠይቅ ወላጅ የሚሰማው "ይቀር ወይስ ይምጣ?" የሚለውን ነው።

በማግሥቱ ቅጹን ቀደድንና ሌላ ጻፍን። "ልጅዎ ምንም ቢሆን ይሄዳል። በደንብ እንድንይዘው ይንገሩን። ምን መድኃኒት ይወስዳል? ሌሊት ቢያመው እናንተ ቤት ምን ታደርጋላችሁ? ምን ያስፈራዋል?" ሐኪም ሊያየው የሚገባ ልጅ ካለ ብቻ ከወላጁ ጋር እንነጋገራለን አልን። መልሱ ጎረፈ። አንዱ ለኦቾሎኒ አለርጂክ ነው። አንዷ ጨለማ ትፈራለች። አንዱ አልፎ አልፎ አልጋ ያረጥባል፤ ይህን ከሴቶቹ መሪዎች አንዷ ብቻ እንድታውቅ ተደረገ፤ ተለዋጭ ልብስም እሷው ያዘችለት። ቆሎው ውስጥ ሊገባ የነበረው ኦቾሎኒም በዚያው ቀረ።

አስም ያለበት ልጅ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ተፈቀደለት። ቀዝቃዛ አየርና ዳገት አንድ ላይ አስምን ሊያስነሱ ስለሚችሉ ከመሀል እንዲሄድ አደረግነው። በአፍ ከሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ ከፓፉ፣ አንዱ ኪሱ ውስጥ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑ ውስጥ ገባ። ሦስታችን አጠቃቀሙን ተማርን።

ሚዛኑ

ወደ ልጅቷ ቦርሳ ልመለስ። ሚዛኑን ከሰፈራችን ፋርማሲ ነው የተዋስነው። ደንባችን አንድ ልጅ የክብደቱን አንድ አምስተኛ ይሸከም የሚል ነበር። ለ36 ኪሎ ልጅ 7 ኪሎ ከ200 ግራም ማለት ነው። እሷ 13 ይዛለች። ወለሉ ላይ ኬሻ አንጥፈን ዘረገፍነው።

ባለ 2 ሊትር ውኃ ሁለት። ወፍራም ብርድ ልብስ። ሙሉ ድፎ ዳቦ በኮባው። አንድ ብልቃጥ ማር። ጂንስ ሱሪ ሁለት። ትርፍ ጫማ። ፎጣ፣ ያውም ትልቁ። ከሥር ደግሞ በፌስታል ተጠቅልሎ የብረት መጥበሻ።

እናቷ ገብተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ዳቦውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉት።

"ሌሊት ተነስቼ ነው የጋገርኩት" አሉኝ።

"አውቃለሁ እትዬ። እንዴት ደስ ይላል። ግን ይህን ዳቦ የሚሸከመው የልጅዎ ወገብ ነው።"

"ብርድ ይመታታላ!"

"ብርድ ልብሱ ይቅርና ጋቢ ይስጧት። ሹራቧን ለብሳው ትሂድ።"

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ራሳቸው መጥበሻውን አንስተው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱ። ቀጥሎ ማሩን። ቀጥሎ አንዱን ጂንስ። ዳቦውን መጨረሻ ላይ ቆረሱትና አዳራሹ ውስጥ ላለው ልጅ ሁሉ አደሉት።

ሥራው ግን እዚህ አላለቀም። 7 ኪሎው የግል ዕቃ ብቻ አይደለም። የመንገድ ውኃው 2 ኪሎ ነው። የጋራው ዕቃ፣ ድንኳን፣ ድስት፣ ምግብ፣ ምድጃ፣ ለሁሉም ይከፈላል። የዕቃ ፓትሮሉ መጀመሪያ ለ16 እኩል አካፈለው። "እኩል ነው፣ ፍትሐዊ ነው" አሉ። ልጅቷን አቁመን ሚዛኑን አሳየናቸው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ 60 ኪሎ ነው፤ አምስተኛው 12 ኪሎ ነው። ሁለቱ እኩል ቢሸከሙ ፍትሕ ነው? ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ እንደ አቅም ይሁን ተባለ። ለእሷ የደረሳት ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ ጨውና የድንኳን ካስማ፣ በድምሩ 1 ኪሎ ተኩል ነው። ለግል ዕቃዋ 3 ኪሎ ከ700 ግራም ቀራት። ጋቢ፣ አንድ ቅያሪ፣ ሁለት ካልሲ፣ ሳህን፣ ማንኪያ፣ ባትሪ፣ የዝናብ ላስቲክ። በቃ።

ያን ቀን 16ቱንም ቦርሳ ዘርግፈናል። 5 ሰዓት ያህል ፈጀ። አዋቂዎቹም ተመዘንን። የማንም ቦርሳ እንደመጣ አልተመለሰም።

የአንዱ ልጅ አያት በጃንሆይ ጊዜ ስካውት ነበሩ። ደርግ መጥቶ እስኪቀር ድረስ ማለት ነው። ፍተሻው ሲያልቅ ገመድ አወጡና ሸራ የሚወጠርበትን ቋጠሮ ለልጆቹ አሳዩ። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ቋጠሮው ግን አንድም ቦታ አልተሳሳተም።

ቅዳሜ

መኪናው ከጫካው በር በፊት አወረደንና ከምንሰፍርበት ቦታ አጠገብ ወዳለው የጫካው ጽሕፈት ቤት ሄደ። እኛ በእግር 3 ሰዓት ያህል ሄድን። ፊት የሚመራው ያ የ60 ኪሎው ልጅ አልነበረም፤ ከኋላው ያሉትን እያየ ፍጥነቱን የሚያስተካክል ልጅ ነበር። ከኋላ አዋቂ። በየ45 ደቂቃው ዕረፍት። 10 ሰዓት ላይ ድንኳኖቹ ቆመዋል። በጥር 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ በብርሃን መጨረሳችን ትልቅ ነገር ነው።

ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ጦጣዎቹ ግን የመጡት ለእኛ ምግብ ነው። አንዷ ዳቦ ቆሎ የያዘ ፌስታል መንትፋ ዛፍ ላይ ወጣች። ከዚያ በኋላ ምግብ ሁሉ በአንድ ጆንያ ታስሮ መኪናው ውስጥ አደረ። ጅብም አለ፤ ድንኳን ውስጥ አንዲት ፍርፋሪ እንዳታድር ተባለ።

አንድ ስህተት እዚህ ጋ ነበር። የምድጃውን ላምባ በላስቲክ ጠርሙስ አድርገን በሶ ካለበት ቦርሳ ውስጥ ከተነዋል። ክዳኑ አንጠባጠበ። 2 ኪሎ በሶ ተጣለ። ላምባ የሚሸከመው አዋቂ ነው፤ ለብቻው፣ ከቦርሳው ውጪ ኪስ ውስጥ።

ሌሊቱን ብርዱ የመጣው ካልጠበቅነው በኩል ነው። ሁላችንም ያሰብነው ስለሚለበሰው ነበር። ጋቢ በጋቢ ላይ። ብርዱ ግን ከሥር፣ ከመሬቱ ወጣ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከሴቶቹ ድንኳን የጥርስ መንገጫገጭ ተሰማ። ጨለማ የምትፈራው ልጅ ናት፤ ብርዱ ፍርሃቷን አስረስቷታል። አንዷ መሪ አቅፋ አወጣቻት። ምድጃ አቀጣጠልን። ስኳር የበዛበት ሻይ አፈላን። አንድ በአንድ ከየድንኳኑ ወጥተው በየጋቢያቸው ተጠቅልለው ዙሪያውን ተቀመጡ። ባዶ ጆንያ፣ ባዶ ቦርሳ፣ የዝናብ ላስቲክ፣ ያለንን ሁሉ ሰብስበን ከሥር አነጠፍን። ከ10 ሰዓት በኋላ ተኙ። አሁን እያንዳንዱ ልጅ ስስ ስፖንጅ ይዞ ነው የሚሄደው። 300 ግራም የማይሞላ ነገር ነው።

እሑድ

ድንኳኑን እዚያው ትተን በቀላል ቦርሳ ወደ ጫፉ ተነሳን። አስም ያለበት ልጅ ደህና ነበር። የ12 ዓመቷም እያዜመች ነበር የምትወጣው። የዘገየው የ15 ዓመቱ ጎረምሳ ነው፤ በእንጦጦው ልምምድ አንደኛ የነበረው። አባቱ ለጉዞው አዲስ ቦት ጫማ ገዝቶለታል። ተረከዙ ላይ ውኃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ካልሲው ደም ነክቶታል። እስከዚያ ድረስ አልተናገረም። ቦርሳውን ሁሉ ስንፈትሽ ጫማውን አላየንም ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ቁስሉን አጥበን ሸፈንነው። በዱላ ተደግፎ ቀጠለ። 6 ሰዓት ሲሆን ጫፉ ከፊታችን ይታያል። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ለልጁ ግን ከዚያ ይበልጣል። ወንዶቹ ይጮኻሉ። "የፈለገ ይውጣ፣ ያልቻለ እዚህ ይጠብቅ! አዋቂዎቹ ሁለት ሁለት ይሁኑ!"

ሐሳቡ ያስማማል። እኔም ለደቂቃ ልቤ ከእነሱ ጋር ሄዷል። ግን ላይኛው ቡድን ውስጥ አንድ ልጅ ቢወድቅ አንዱ አዋቂ አጠገቡ ይቀራል፤ ሌላው ለዕርዳታ ይወርዳል። የቀሩትን ልጆች ማን ይይዛል? አዋቂው አራት ብቻ ሲሆን ቡድኑን ለሁለት መክፈል አይቻልም።

ምንም ሳልል የመንገድ ፓትሮሉ መሪ ደብተሯን አወጣች። ዓይኗ ዕንባ አቅርሯል፤ ጫፉን ከሁሉም በላይ የፈለገችው እሷ ናት። ጮክ ብላ አነበበችው። "እሑድ 6 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን እንመለሳለን።" ደብተሩን ዘግታ ፊቷን ወደ ታች አዞረች። እኔ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን የሚሰማኝ አልነበረም። የእሷ እጅ ጽሕፈት ስለሆነ ግን ሁሉም ተከተላት። ጎረምሳው ከኋላ እያነከሰ "ይቅርታ" ሲላት ሰማሁ። "አርፈህ ሂድ፣ ተራራው የትም አይሄድም" አለችው።

11 ሰዓት ላይ መኪናው ውስጥ ነበርን። 16 ቆጠርን። ደግመን ቆጠርን።

በሳምንቱ ተሰብስበን ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ተጻፈ። አዲስ ጫማ ቢያንስ ለአንድ ወር ተለብሶ ይለመድ። ከሥር የሚነጠፍ ስፖንጅ የግዴታ ይሁን። ላምባ ለአዋቂ። ጫማም ይፈተሽ። ጎረምሳው ፍተሻውን እኔ ልምራ ብሎ እጁን አወጣ።

ሚዛኑን ለፋርማሲው መለስንና የራሳችንን ገዛን። ለሁለተኛው ጉዞ ልንፈትሽ በተሰበሰብን ዕለት ከሁሉም ቀድመው የመጡት የልጅቷ እናት ናቸው። ቦርሳውን እሳቸው ይዘውታል። ማንም ሳያዛቸው ልጅቷን ሚዛኑ ላይ አቆሟትና መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። የግል ዕቃዋ 3 ኪሎ ተኩል ሆነ።

"200 ግራም ይተርፈናል አይደል?" አሉኝ። ከዘንቢላቸው ቁራሽ ድፎ ዳቦ አወጡ።

ዳቦውን መዘንነው። 190 ግራም ነው። ገባ።